በሂና የተመካኘ ቁጥር

ሲስተር ኡሙልኸይርን ቆቦ ውስጥ የማያውቃት የለም ቢባል ማጋነን ይሆናል፤ ከሮቢት እስከ ዋጃ ግን አንድ ጊዜ እንኳ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ሰው ስሟ ሲነሳ ፈገግ ሳይል አይቀርም። ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም ነበር። መርፌ ሲያይ የሚርበተበተውን ጎረምሳ፣ «ሚስት ላግባ እያልክ አባትህን ታስጨንቅ የለም እንዴ? ይቺን ካልቻልክ እሷን እንዴት ልትችላት ነው?» ትለዋለች፤ ሲስቅ ትወጋዋለች። ዛሬም ሰው ፈገግ የሚለው በድሮዋ ነው። እሷ እንኳን ሰው ልታስቅ ራሷም መሳቅ ከተወች ቆይታለች።

የምትሠራው ከቆቦ ወጣ ብሎ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር በተሠራውና አገሬው «ግራር ሥር» በሚለው ሆስፒታል ነው። ሆስፒታል የሚለውን ስም ያገኘው ዘግይቶ ነው፤ ስሙ ሲያድግ ቆርቆሮው፣ አልጋውና መጸዳጃው አብሮ አላደገም። የራያ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ቆርቆሮውን ሲይዘው የሴቶችና የሕፃናት ክፍሉ እንደ ዳቦ ምድጃ ይግላል። ከበላይ አካል ሊጎበኙ የሚመጡ ሰዎች ሁልጊዜ የሚመጡት በጧት ስለሆነ ስለ ሙቀቱ የሚነገራቸውን አያምኑም ነበር።

ትውልዷ ከዋጃ በስተምሥራቅ ካለ የማሽላ አገር ነው። ኡሙልኸይር ገና ድክ ድክ ስትል እናታቸው ስለሞተች እናት የሆነቻት ታላቅ እህቷ ዚነት ናት። ዚነት ራሷ ያኔ ልጅ ነበረች። ታናሿን አዝላ ውኃ ቀዳች፣ አዝላ ከማሽላው ላይ ወፍ አባረረች፣ ተድራ ስትሄድም ይዛት ሄደች። ዚነት ከባሏ ጋር ክፉ ቃል የተለዋወጠችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይባላል፤ እሱም ባሏ «ይቺ ልጅ ትምህርቱ ይቅርባትና ትዳር» ያለ ዕለት ነው። ኡሙልኸይር ደሴ ወጥታ ነርስነት ስትማር በሶውንም ቅቤውንም የላከችላት ዚነት ናት። ተመርቃ ነጭ ጋወን ለብሳ የመጣች ቀን ዚነት ጨርቁን በእጇ እየዳበሰች፣ «እንዳታቆሽሽው» ከማለት ሌላ የተናገረችው አልነበረም።

ኡሙልኸይር ሥራ በጀመረችበት ዘመን የሕመምተኛ ሁኔታ የሚታወቀው በእጅና በዓይን ነበር። የልብ ምት በጣት ተዳብሶ፣ ትንፋሽ ደግሞ የደረት መነሳትና መውደቅ ታይቶ ይቆጠራል። በዚህ ነገር ዓይኗ ስል ነበር። በር ላይ ቆማ፣ «ያንን ሕፃን ወዲህ አምጡት፤ ጎኑ እየገባ ነው» ትላለች። ከንፈር ሲጠቁር፣ አፍንጫ ሲርገበገብ ከሰው ቀድማ ታያለች። የተለየ ተሰጥዖ ኖሯት አይደለም። ሌላ የምታይበት ነገር ስላልነበራት አጥብቃ ታይ ነበር።

ሞኒተሩ የመጣው ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው። ከውጭ አገር በእርዳታ ተሰጥቶ፣ በሳጥን ታሽጎ፣ ከሳጥኑ ሲወጣ ሠራተኛው ሁሉ ተሰብስቦ እልል ተብሎለት ገባ። የልብ ምት፣ የደም ግፊትና በደም ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን በአንድ መስኮት ያሳያል። አስታማሚዎች «ቴሌቪዥኑ» አሉት። አንድ ሽማግሌ ሚስታቸው አጠገብ ቁጭ ብለው አረንጓዴዋን መስመር ሲከታተሉ ከዋሉ በኋላ፣ «ሲስተር፣ ይኸ ነገር ዜና የለውም?» ብለዋት ለወር ያህል አውርታዋለች። ባሏ ታሂር የሚኒባስ ሾፌር ነው፤ ከአላማጣ ሲመለስ ስለ ሞኒተሩ ስታወራ ሲሰማ፣ «መኪናዬን እንዲህ ብትወጂልኝ ኖሮ ረዳት አልቀጥርም ነበር» ይላታል።

ማሽኑን ሊያስተምራቸው ከደሴ የመጣው የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያ አንዷለም ይባላል። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። የዚህ ማሽን ጠላቶች አቧራና ሙቀት ናቸው አለ፤ ገመዱ አይጠፍ አለ፤ መብራት ሲዋዥቅ እንዳይቃጠል ያለ እስታቢላይዘር አይሰካ አለ። ከዚያ ጣት ላይ የሚቆነጥጠውን ነገር አንሥቶ ለማሳየት የኡሙልኸይርን እጅ ያዘ። ኢድ ካለፈ ገና ሳምንቱ ነበርና ጣቷ በሂና ጠቁሯል። ማሽኑ ሰረዝ ሰረዝ ብቻ አሳየ። ሰው ሁሉ «ሞታለች» ብሎ ሳቀ። አንዷለምም ስቆ አስረዳ፤ ይኸ መቆንጠጫ ቀይ ብርሃን በጣት ውስጥ ያሳልፋል፣ ሂናው በጣም ከጠቆረ ብርሃኑ አያልፍም፣ ያኔ ማንበብ እምቢ ሊል ይችላል። «እምቢ ሲላችሁ የጆሮ ጫፍ ላይ አድርጉት» አለና ለጆሮ የሚሆነውን ትንሽዬ መቆንጠጫ ሰጣቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማሽኑ የኡሙልኸይር ሆነ። ሹመት የሰጣት የለም፤ ሌላው ስለማይነካው ነው። ጧት ጧት እርጥብ ጨርቅ ጨምቃ ትወለውለዋለች፤ መቆንጠጫውን በአልኮል ታብሳለች፤ ከጀርባው ያለውን የማራገቢያ ወንፊት በጥርስ ብሩሽ እየፈተገች አቧራውን ታወጣለች። የደም ግፊት የሚለካበት ጨርቅ ማጣበቂያው ሲያልቅ ቆቦ ገበያ ወስዳ ለልብስ ሰፊ ሰጠችው። ሰፊው ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አይቶ፣ «ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» አላት። ሰፍቶ መለሰው፤ ሠራም። ባትሪው በሁለተኛው ዓመት ሞተ፤ መብራት ሲጠፋ ማሽኑም አብሮ መጥፋት ጀመረ። የመጀመሪያው የጣት መቆንጠጫ ተሰበረና በሌላ ተተካ፤ እሱም ገመዱ ተላጠና በፕላስተር ተጠቀለለ። የጆሮው ሲሰበር ግን ምትክ ተጠየቀ፣ ይመጣል ተባለ፣ አልመጣም። አንዷለም በመጣ ቁጥር የቻለውን ጠግኖ፣ ያልቻለውን ይቅርታ ጠይቆ ይሄዳል። አውራጃ የሚያህል አገር ለእሱና ለአንድ ሻንጣው ነው የተሰጠው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የተበላሸው፤ ሲበላሽ ደግሞ ማንም አላየውም። የራያ ሴት ለኢድም፣ ለአረፋም፣ ለሠርግም፣ ለእንግዳም ሂና ትቀባለች። ክርስቲያኗም ጎረቤቷ ስትቀባ እጇን ትዘረጋለች። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ከተኙት ሴቶች ግማሾቹ ጣታቸው ቀልቷል ወይም ጠቁሯል። ማሽኑ ሰረዝ ሲያሳይ ኡሙልኸይር፣ «ሂናው ነው» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ጆሮ ላይ የሚደረገው ከተሰበረ በኋላ ግን ማረጋገጫው ጠፋ፣ «ሂናው ነው» የሚለው ቃል ብቻ ቀረ። ቀስ በቀስ ማሽኑ ሰረዝ ሲያሳይ ብቻ ሳይሆን ዝቅ ያለ ቁጥር ሲያሳይም «ሂናው ነው» ይባል ጀመር። አብዛኛውን ጊዜ ሴትዮዋ ድና ትወጣለች። ድና በወጣች ቁጥር ቃሉ እየጠነከረ ሄደ። አዲስ የሚመጡ ነርሶችም፣ ሐኪሞችም ከእሷ ተማሩት። ጩኸቱ ሕፃናቱን እየቀሰቀሰ ሲያስቸግር የማንቂያውን ድምፅ ዝቅ አደረጉት፤ ከዚያም አጠፉት። ክፋት የለበትም፣ ስንፍናም ብቻ አይደለም፤ በቀን ስንት ጊዜ በውሸት የሚጣራን ሰው ማን አቤት ይለዋል?

ሀናን የዚነት የመጀመሪያ ልጅ ናት። ከስምንተኛ ክፍል በላይ በመንደራቸው ስላልነበረ ቆቦ አክስቷ ቤት ተቀምጣ ተማረች። ኡሙልኸይር ወንዶች ልጆች እንጂ ሴት ልጅ አልነበራትም፤ ለሀናን ፀጉር ስትሠራ፣ ጫማ ስትመርጥ፣ ስትቆጣት፣ ስታሞላቅቃት የቆየችው ለራሷም ጭምር ነበር። ሀናን ቀልደኛ ናት። የአክስቷን አካሄድ፣ «ጎኑ እየገባ ነው» የሚለውን አነጋገሯን እየቀዳች ታሂርን በሳቅ ትገድለዋለች። በ2005 ዓ.ም. ከአረፋ በኋላ ከዋጃ ለሆነ ነጋዴ ልጅ ተዳረች። ኡሙልኸይር በሠርጉ ቀን እንደ እናት አለቀሰች፤ ዚነት ግን አላለቀሰችም፣ እንግዳ ታስተናግድ ነበር።

ሙሽራዋን የጫጉላ ጊዜዋ ሳያልቅ አተኮሳት፤ ከዚያ ሳል ያዛት። የባሏ ቤተሰቦች ወባ ነው ብለው የወባ መድኃኒት ገዝተው ሰጧት። አልሻላት ሲል አንድ የኅዳር ጧት ባሏና ዚነት በባጃጅ ይዘዋት ግራር ሥር መጡ። የወባ ወቅት ስለነበር ክፍሉ ሞልቶ ወለሉም ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። ኡሙልኸይር ከተማ ውስጥ የጠፋ ልጅ ያገኘች ይመስል እየሮጠች ሄዳ ተቀበለቻት።

«ምነው የኔ ሙሽራ? ትዳሩ እንዲህ ቶሎ ይሰለቻል?» አለቻት።

«አክስቴ... ቴሌቪዥንሽን... ልታሳዪኝ ነው?» አለች ሀናን። ሳቀች። በየቃሉ መሃል ትንፋሽ ትወስድ ነበር።

ኡሙልኸይር ሳቋን ሰማች። ሀናን ሁልጊዜም እያለከለከች የምታወራ ልጅ ናት፤ ወሬ ሲመጣባት ትንፋሿ አይበቃትም። ትኩሳት ያለበት ሰው ደግሞ ያለከልካል። እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች፤ ይፋጃል። ሐኪሙ ዶክተር ዘካሪያስ ደረቷን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለና በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት አዘዘ። ኡሙልኸይር ራሷ መርፌውን ሰካችላት። ከዚያ ሞኒተሩን እየገፋች አመጣችና መቆንጠጫውን ጣቷ ላይ አደረገች። ጣቷ እስከ ሁለተኛው አንጓ ከሰል መስሏል።

ማሽኑ ሰማንያ ሦስት አለ።

ጤነኛ ሰው ዘጠና አምስትና ከዚያ በላይ ነው። ከዘጠና ሲወርድ ኦክሲጅን ይሰጣል። ግራር ሥር ደግሞ ያለው የኦክሲጅን ማሽን አንድ ብቻ ነው፤ መጠባበቂያው የኦክሲጅን ሲሊንደር ተሞልቶ እንዲመጣ ወልዲያ ከተላከ ሰንብቷል። ያን ዕለት የኦክሲጅን ማሽኑ የተሰካው ከሀናን አጠገብ ባለው አልጋ ላይ ለተኛ ሕፃን ነበር። የሕፃኑ እናት ትርንጎ የምትባል የሮቢት ገበሬ ሚስት ናት፤ ከመጣች ጀምሮ ዓይኗን ከቱቦው ላይ አንሥታ አታውቅም።

ዘካሪያስ ቁጥሩን አይቶ ቆመ። «ሰማንያ ሦስት እኮ ነው የሚለው ሲስተር። ኦክሲጅኑን ለጊዜው ወደ እሷ ብናዞረውስ?»

ትርንጎ ቀና ብላ ኡሙልኸይርን አየቻት። ክፍሉ ውስጥ ያለው አስታማሚ ሁሉ ሙሽራዋ የሲስተር የእህት ልጅ መሆኗን ከገባችበት ሰዓት ጀምሮ ያውቃል። ኡሙልኸይር ጀርባዋ ላይ ስንት ዓይን እንዳለ ተሰማት። ከሕፃን አፍንጫ ነቅላ ለዘመዷ ሰጠች ተብሎ፣ ያውም የእስላምና የክርስቲያን ልጅ ሆኖ ነገሩ በሮቢት ገበያ ሲወራ ታያት። እንዲህ ያለውን ነገር ዕድሜዋን ሙሉ ስትጠነቀቀው ነው የኖረችው።

«ሂናው ነው ዶክተር» አለች። «ሙሽራ ናት እኮ፤ ጣቷን እየው።»

«የእግሯስ?»

«የእግሯም ያው ነው።»

ዘካሪያስ ይህን ቃል የተማረው ከእሷው ነው። ከመጣ ዓመት አልሞላውም፤ እሷ ካለች ነው ብሎ ወደሚቀጥለው ሕመምተኛ አለፈ። ኡሙልኸይርም መቆንጠጫውን ከሀናን ጣት አወለቀችና ሞኒተሩን እየገፋች ወደ ሌላ አልጋ ወሰደችው። ለማያነብላት ሰው ምን ያደርጋል? ስትሄድ የሀናንን ደረት አልቆጠረችም። ከንፈሯንም አጎንብሳ አላየችም። ያ ከበር ላይ ያይ የነበረ ዓይን ማሽኑን ማየት ከጀመረ ወዲህ ሌላውን ትቶት ነበር፤ ማሽኑን ማመን ሲያቆም ደግሞ የሚያየው ነገር አልቀረውም።

ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሀናን ዝም አለች። ዚነት ተኝታልኛለች ብላ ዝንብ ስታባርርላት ቆየች። የአስር አዛን ከቆቦ በኩል ሲሰማ ዚነት ለሶላት ልትነሳ ስትል የልጇን እጅ ያዘች፤ ቀዝቅዟል። «ኡሙ» ብላ ተጣራች። ድምፁ ከፍ ያለ አልነበረም፤ ግን ኡሙልኸይር ያ ድምፅ ሲጠራት አርባ ዓመት ኖራለችና ዞር ስትል ነገሩ ገብቷታል። የኦክሲጅኑ ማሽን ተነቅሎ መጣ። ዘካሪያስ ደረቷን ተጫናት፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ ተጫናት። የሀናን ከንፈር ሰማያዊ ነበር፤ ማንም ከበር ላይ ሊያየው ይችል ነበር።

በማግሥቱ ተቀበረች። ገላዋን ካጠቡት ሴቶች አንዷ ኡሙልኸይር ናት። ውኃው የሀናን እጅ ላይ ሲፈስ ሂናው እንደ አዲስ ደመቀ፤ አጣቢዎቹ አይተው አለቀሱ። ለቀስተኛው ሁሉ፣ «አላህ ያለው ነው፤ ሰብር ይስጥሽ» አላት። «አንቺ እንኳ ባለሙያዋ አጠገቧ ሆነሽ ካልዳነች ቀኗ ደርሶ ነው» አሉ። ይህን ሲሏት አፏን ትከፍታለች፤ ከዚያ ሌላ ለቀስተኛ ይመጣና «አብሽሪ» እያለ ያቅፋታል። ጥፋቷን ልትናገር በሞከረች ቁጥር ሰው በማጽናናት አፏን ዘጋባት።

ለዘካሪያስ ነገረችው። እሱም፣ «ኦክሲጅኑን ብታገኝም እኮ...» ጀመረና አልጨረሰውም። «እኔም እኮ አይቼዋለሁ ሲስተር» አለ በመጨረሻ። ከዚያ በኋላ ሁለቱም ስለዚህ ነገር አላነሱም፤ በዓመቱ ተዛወረ። የትርንጎ ሕፃን ድኖ ወጣ። ትርንጎ በወሩ ልጇን አዝላ መጣችና እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ኡሙልኸይር በጉልበት አነሳቻት። «ለዘመድሽ ሳታደይ ልጄን ያተረፍሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እመብርሃን ትክፈልሽ» አለቻት። ሕፃኑ ወፍሯል፤ የኡሙልኸይርን አፍንጫ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ባይድን ኖሮ ብላ ልትመኝ አትችልም፣ በመዳኑም ልትደሰት አልቻለችም። ጉንጩን ሳመችውና ሥራ አለብኝ ብላ ገባች።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷት ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ያን ቀን ያሳየው ቁጥር ውሸት ከነበረ፣ ሀናን ኦክሲጅን ሳያንሳት በሌላ ነገር፣ በድንገት፣ ማንም ሊደርስበት በማይችል ነገር ሞታ ይሆናል። ዓመታት ሙሉ ማሽኑ ጤነኛ እንዲሆን ስትለፋ የኖረች ሴት አሁን ተበላሽቷል የሚላት ሰው ትጠብቅ ጀመር። አንዷለም በየካቲት መጣ። ሻንጣውን ሳያስቀምጥ እጁን ይዛ ወደ ማሽኑ ወሰደችው።

አንዷለም ከፈተው፣ አቧራውን ጠረገ፣ ገመዱን መረመረ፣ በመሞከሪያው ለካው፤ ከዚያም በራሱ ጣት፣ በእሷም ጣት ሞከረው። ከሞቱ ወዲህ ሂና ስለማትቀባ ጣቷ ባዶ ነው። ዘጠና ሰባት አለ። «እንዲህ የተያዘ ማሽን ደሴም የለም» አላት፤ ሊያስደስታት ብሎ ነው።

«ሂና ሰማንያ ሦስት ያስብለዋል?» አለችው።

«ሰረዝ ያስብለዋል፤ ወይም ጥቂት ነጥብ ዝቅ ያደርገዋል። ሰማንያ ሦስት ግን ሂና አይደለም።» ፊቷን አየና ድምፁን ቀነሰ። «ምነው?»

«ምንም» አለች። ማሽኑን ወደ ቦታው ገፍታ መለሰችና ወንፊቱን በብሩሿ ትፈትግ ጀመር፤ እሱ ገና አሁን ጠርጎት ነበር።

በዚያው ሳምንት በታሂር ሚኒባስ ወደ ዋጃ ሄደች፤ ከዚያ በእግሯ ወደ ዚነት ቤት። ለዚነት ሳትነግር መኖር አልቻለችም። ሌላው ሁሉ ቢያጽናናት ዚነት እውነቱን ስታውቅ ትጮህባታለች፣ ትረግማታለች፣ ከደጇ ታባርራታለች ብላ አስባ ነው የሄደችው። መባረሩን ፈልጋው ነበር። አንድ ሰው እንኳ ጥፋቷን ጥፋት ብሎ እንዲጠራላት ፈልጋ ነበር።

ዚነት ደጅ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ ማሽላ በሰፌድ ታበጥራለች። ኡሙልኸይር አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሁሉንም ነገረቻት። ማሽኑ ምን እንደሚለካ፣ ያን ቀን ምን ቁጥር እንዳሳየ፣ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ እሷ ምን ብላ እንደመለሰች፣ ማሽኑን ወስዳ ለሌላ ሰው እንደሰጠች፣ ባለሙያው ምን እንዳላት። ምንም አላስቀረችም፤ ቃሉን ከቤቷ ጀምራ ስታሰናዳው ነው የመጣችው። ዚነት ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሰማች።

«ቁጥሩ በሂናው ነው ብለሽ ነው?» አለች በመጨረሻ።

«አዎ እታለም። ግን በሂናው አልነበረም። እውነተኛው ቁጥር ነበር።»

«ሂናውን የቀባኋት እኔ ነኝ።»

«ነገሩ እሱ አይደለም...»

«አንዴ ይበቃኛል እማ እያለችኝ፣ ገና አልጠቆረም ብዬ ሦስቴ ደጋገምኩባት። እጄን አሳከከኝ እያለች በላስቲክ አስሬ አሳደርኳት። የባሏ ዘመዶች እጇን አይተው እናቷ ሰነፍ ናት እንዳይሉ ብዬ።»

«እታለም ስሚኝ። ማሽኑ ነግሮኝ ነበር፤ ያላመንኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን አላመንሽውም?»

ኡሙልኸይር አፏን ከፈተች። ከአንድ ቃል በቀር መልስ አልነበረም፣ ያንን ቃል ደግሞ ልትደግመው አልቻለችም። ዚነት ጠበቀቻት፤ ከዚያ መልሱን እንዳገኘች ሰው ዓይኗን ወደ ሰፌዱ መለሰች።

«ሌላም አለ» አለች ኡሙልኸይር ተቻኩላ። «ለዘመዷ አደላች እንዳይሉኝ ፈራሁ። ያቺ ሴትዮ ስታየኝ ፈራሁ።»

«ደግ አደረግሽ። ከሰው ልጅ አፍንጫ ነቅለሽ ብትሰጫት እኔስ ዝም እልሽ ነበር?»

ዚነት ሰፌዱን አስቀመጠች። የኡሙልኸይርን ሁለት እጅ ያዘች፤ ያኔ ጋወኑን እንደዳበሰችው እጇን ትዳብሳት ጀመር። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም። ኡሙልኸይር ቁጣ ፈልጋ መጥታ ያገኘችው ሌላ ነገር ነው፤ ይዛው የመጣችው ሸክም ከእሷ ሳይነሳ እህቷም ላይ ሲወጣ ቁጭ ብላ አየችው። ልጅ የቀበረችው እናት እስከዚያች ቀን ድረስ ቢያንስ ቀኗ ደርሶ ነው እያለች ትተኛ ነበር።

«አውፍ በይኝ ኡሙ፣ ይቅር በይኝ» አለች ዚነት። «አብረሽኝ ያሳደግሻትን ልጅ በገዛ እጄ ጋረድኩብሽ። አንቺማ ብታዪያት ኖሮ ታድኛት ነበር።»

«ኧረ በአላህ እንዲህ አትበይ። አንቺ ምንም አላደረግሽም።»

«አውፍ በይኝ። ይኸን ይዤ ልሙት?»

ኡሙልኸይር አልቅሳ ለመነቻት፣ ማለች፣ ነገሩን ከመጀመሪያው አንሥታ እንደገና አስረዳቻት። በደገመችው ቁጥር ሂናው ይነሳል፣ ሂናው በተነሳ ቁጥር ዚነት ራሷን እየነቀነቀች «አዎ፣ አዎ» ትላለች። ፀሐይዋ ጥላውን አልፋ እግራቸው ላይ ደረሰች። ዚነት እጇን አለቀቀችም፤ ካላልሽኝ አልነሳም አለች። ሕፃን ሳለች ያዘለቻት፣ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት እህቷ ናት፤ እንቢ ብላት አታውቅም።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለቻት።